የግራው ትከሻ

ልብስ ሰፊዋ ባሏ እንደማይወዳት ካወቀች ሰንብታለች። ሰው ደግሞ አለመወደድንም ይለምደዋል፤ እንደ ጠባብ ጫማ መጀመሪያ ይልጣል፣ ኋላ እግር ይደነድናል። ስለዚህ ባልየው አንድ እሑድ ጠዋት ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ ማንም ማንንም አልበደለም፣ ገመናችንን ለዳኛ ሳንዘረግፍ በስምምነት እንፋታ ሲላት አልጮኸችም። የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሌላ ሴት አለች ወይ? "እናቴ ትሙት የለችም" ብሎ ማለላት። እናቱ ከሞቱ ዓመታት አልፈዋል፤ ይህን ያኔ ልብ አላለችውም።

እሷን ያስፈራት ባሏን ማጣት አልነበረም፤ እህቱን ማጣት ነበር። እትዬ የምትላት ይህች የባሏ ታላቅ እህት ፖስታ ቤት ትሠራለች። በምሳ ሰዓት ወደ ሱቋ ብቅ ትልና የደንበኞቹ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ጫማዋን አውልቃ፣ የአለቃዋን አነጋገር እየቀዳች በሳቅ ትገድላታለች። ልብስ ሰፊዋ ፅንስ ያስወረዳት ጊዜ ባልየው መስክ ነኝ ብሎ ሲቀር፣ ገላዋን ያጠበቻትና እንደ ሕፃን ያጎረሰቻት እትዬ ናት። እናት የላት፣ እህት የላት፤ ከዚያ ትዳር ያተረፈችው ሰው ቢኖር እሷ ነበረች። የፍቺውን ወሬ ስትሰማም መጥታ አቀፈቻትና፣ "ከእሱ ብትፋቺ ከእኔ አትፋቺም፤ እኔ ያንቺ ነኝ" አለቻት። ልብስ ሰፊዋ ይህን ቃል ይዛ ነው ከባሏ ጋር ሄዳ ያመለከተችው። ፍርድ ቤቱም እስቲ አስቡበት ብሎ ቀጠሮ ሰጣቸው።

ቀጠሮው ሲቃረብ እትዬ ጥቁር ኮት በላስቲክ ጠቅልላ መጣች። የመሥሪያ ቤቷ ልጅ ሊያገባ ነው አሉ። ኮቱን የሸጡለት ሰዎች እናስተካክላለን ብለው አበላሽተውት፣ ሠርጉ ደግሞ ደርሶ ልጁ ጭንቅ ይዞታል። ልብስ ሰፊዋ ሜትሩን ከአንገቷ ሳብ አድርጋ፣ ይምጣና ልለካው አለች።

"ምን ያስመጣዋል" አለች እትዬ። "ቀኙን እንዳለ ተይው፤ ግራውን ብቻ ሁለት ጣት ከፍ አድርጊው።"

ባልየው በልጅነቱ ከዛፍ ወድቆ የግራ ትከሻው ዘመም ያለ ነው። ከተጋቡ ጀምሮ ከኮቶቹ ገበር ሥር ስፖንጅ እየደረበች፣ ያንኑ ሁለት ጣት ከፍ እያደረገች፣ ቀጥ ብሎ የቆመ ሰው ያስመሰለችው እሷ ናት። እንግዲህ ልብስ ሰፊን በኮት ማታለል ምን ይባላል? ድፍረት እንኳ አይደለም። እትዬ በዕድሜዋ ሌላ ሰፊ ጋ ልብስ ወስዳ አታውቅም፤ እግሯም አፏም በለመዱት መንገድ ሄዱ እንጂ።

ልብስ ሰፊዋ ጠመኔ አንስታ ምልክት አደረገች።  ፍርድ ቤት ቀርባ አልስማማም ብትል ነገሩ ክርክር ሆኖ የባሏ ሠርግም እንደሚጓተት ታውቃለች። ግን እሱን ማቆየት ምን ሊረባት? የፈለገችው እትዬ አፏን ከፍታ እንድትነግራት ብቻ ነው። ብትነግራት አልቅሳም ቢሆን ይቅር ትላት ነበር። ሙሽራዪቱ እንዴት ያለች ናት ብላ ቀዳዳ ሰጠቻት። እትዬም ልጅ እግር ናት፣ ጨዋ ናት አለችና ውጭ ውጭውን ታይ ጀመር። ኮቱ አልቆ በካውያ ተተኩሶ ሲሰጣት፣ "እጅሽ ይባረክ" ብላ ሁለት ጉንጯን ስማት ሄደች።

የቀጠሮው ቀን እትዬ፣ "ብቻሽን አልተውሽም ብዬ ነው" ብላ ፍርድ ቤት ድረስ መጣች። ባልየው ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ቆሞ ስልኩን ይነካካል። ልብስ ሰፊዋ አግዳሚው ላይ ጠጋ አለቻትና እጇን ያዘቻት።

"እትዬ፣ ያ ኮት ለልጁ ልክ ሆነለት?"

"ውይ፣ ልክክ ነው ያለው! አመስግኚልኝ ብሎሻል።"

ዓይኗን በጨው አጥባ፣ ያውም እጇን እንደያዘቻት። ልብስ ሰፊዋ እጇን ቀስ አድርጋ መለሰች። አንጀቷ ቁርጥ ያለው ያን ጊዜ ነው፤ ባሏ ሲዋሻት እንኳ እንዲህ አላመማትም።

ዳኛዋ ስማቸውን ጠርተው፣ በነፃ ፈቃዳቸው መሆኑን፣ በንብረትም መስማማታቸውን ጠየቁ። ልብስ ሰፊዋ ለሁሉም አዎ አለች። ምክንያት የጠየቃት የለም፤ በስምምነት ሲሆን አይጠየቅም። ፍቺው ሲጸድቅ ባልየው ትንፋሹን ለቀቀው። ዳኛዋ የሚጨመር ነገር ካለ አሉ፣ ለወጉ ያህል።

"አለኝ" አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ወደ ኋላው አግዳሚ እያመለከተች። "ከእሷ ጋርም መፋታት እፈልጋለሁ። ማመልከቻው የት ነው የሚገባው?"

ዳኛዋ ግራ ገብቷቸው ሴትዮዋ ማን እንደሆነች ጠየቁ። የባሌ እህት ናት አለቻቸው። ባልየው ወደ መሬት አቀረቀረ። እትዬ ግን ብድግ አለች፣ ፊቷ አመድ መስሎ።

"ኧረ እኔ ምን አደረግኩሽ?"

"እሱ ፈታኝ እንጂ ምን አደረገኝ። የከዳሽኝ አንቺ ነሽ።"