ከሰል የማይፈልገው ማረሻ

ማክሰኞ፣ ከዱከም ስነሣ

ሳይነጋ አማትቤ ተነሣሁ። ዱከም የምሠራው ውዳቂ ብረት በኤሌክትሪክ አቅልጦ ፌሮ በሚያወጣ ፋብሪካ ነው፤ እኔ ውዳቂውን እለያለሁ። የሄድሁት አጎቴ ጋሽ ይመር ዘንድ ነው። አምባሰል ውስጥ ማረሻ ይቀጠቅጣሉ። ለከሰል ሲባል የአገራችን ግራር እያለቀ ነው፣ ከሰሉም ተወዷል። «አይግዙ፤ ተሠርቶ ያለቀ ማረሻ ይዤ እመጣለሁ» ብዬ ደውዬላቸው ነበር። በሻንጣዬ የያዝሁት የብየዳ ሠራተኞቻችን ከፌሮ ያሾሉትን ነው።

ረቡዕ፣ ሐይቅ

ደሴ አድሬ በሚኒባስ ቀጠልሁ። ውኃው ድንገት ሲገለጥ ሰማይ መሬት ላይ የተኛ መሰለኝ። እስጢፋኖስ ገዳም ሴት ስለማይገባበት ከሩቅ ተሳለምሁ። መንገድ ዳር የሚጠበሰውን ዓሣ አልፌ ሽሮ አዘዝሁ።

«እህቴ፣ የጾምሽው አንቺ ነሽ፤ ዓሣው ምን አደረገሽ?» አለኝ ጠባሹ።

ከሰዓት፣ አምባሰል

ገደሉ እንደ ግንብ ቀጥ ብሎ ቆሟል። አጎቴ ቤት ዘሀራ የምትባል ባሏ የሞተባት ገበሬ ትጠብቅ ነበር። ማረሻዋ ተበልቶ አልቋል፤ ጎረቤት በሬዎቹን ያዋሳት ደግሞ ለነገ ብቻ ነው።

ጋሽ ይመር የእኔን ማረሻ ድንጋይ ላይ መቱት። ጫፉ ጎበጠ።

«የብረት ነው የጨርቅ?»

«ፌሮ እኮ ነው ጋሼ፣ ሕንፃ የሚሸከም!»

«ለሕንፃ እንዲሆን ለስልሶ የተሠራ ነው። በውኃ ብነክረውም አይጠነክርም።»

«ታዲያ ነገ በጥርሴ ልረስ?» አለች ዘሀራ።

አፈርሁ። በእኔ ቃል ከሰል ስላልገዙ ከጆንያው ሥር የቀረው ለአንድ ጊዜ ብቻ ነበር። አጎቴ ከጥግ ጀምረው የተዉትን ማረሻ አወጡ፤ ከመኪና ባሌስትራ የተሠራ ነው።

«ይቺ ከተሰነጠቀች አለቀ» አሉ።

እኔ ወናፉን ያዝሁ። ፀሐይ የእሳቱን መልክ እንዳትሸፍን ዘሀራ ነጠላዬን በሩ ላይ ዘረጋች። እሳቸው «ቢስሚላህ»፣ እኔ «በስመ አብ» አልን። ፋብሪካችን ግለቱን በመሣሪያ ይለካል፤ እሳቸው የብረቱን መልክ በዓይናቸው ለኩ። ድንገት አወጡና ጫፉን ብቻ ነከሩት። ቀጥሎ ፋቅ ፋቅ አደረጉት፤ ከኋላ የቀረው ሙቀት እንደ ገለባ ቢጫ መልክ ይዞ ወደ ጫፉ ሲሳብ በዓይኔ አየሁ። መላውን ነከሩት። ሦስታችንም ትንፋሻችንን ይዘን አዳመጥን። አልተሰነጠቀም።

ድንጋዩ ላይ መቱት፤ የተፈነከተው ድንጋዩ ነው። ዘሀራ እልል አለች።

ሐሙስ

ከነጋ ጀምሮ መሬቱ ሲገለበጥ ቆሜ አየሁ። የእግዚአብሔር ሥራ፣ በአንድ እፍኝ ከሰል!

ቅዳሜ፣ ዱከም

ማዕድን በድንጋይ ከሰል ከሚያቀልጡት ይልቅ የእኛ ጭስ ያንሳል እያልሁ እኮራ ነበር፤ እውነትም ነው። ኤሌክትሪክ ሲጠፋ ግን ሥራ እንፈታለን። ግራሩም ለከሰል መቆረጡ አልቀረም። ያቺ ባሌስትራ ግን ጭራሽ ሳትቀልጥ ማረሻ ሆነች።

ሰኞ

ከውዳቂው ክምር ባሌስትራ እየመረጥሁ ለአጎቴ ማረሻ ይሆናል ብዬ ለብቻ አኖርሁ።

«ብረት ሁሉ ብረት ነው፤ ወደ እቶን ይግባ!» አለኝ ኃላፊያችን።

የዘሀራን ማሳ ነገርሁት። ጎንበስ ብሎ አንድ ባሌስትራ ከክምሩ ጎተተና እኔ ካኖርሁት ላይ ጨመረ።