ያልበረደው ከሰል

ይህ የደረሰብኝ አምና ጥር ላይ፣ ከዳንግላ ብዙም በማይርቀው መንደራችን ነው። ከሰል ባከሰልን ቁጥር ትዝ ይለኛል። እኛ ደግሞ ሌላ ሥራ የለንም።

የማያውቅ ሰው ሥራችን እሳት ማንደድ ይመስለዋል። ዋናው ነገር ግን እንዳይነድ መጠበቅ ነው። ደከረንስ የምንለውን ዛፍ ቆርጠን እንከምራለን፣ በቅጠልና በአፈር ደፍነን እንለኩሰዋለን። ከዚያ እንዲጨስ እንጂ እንዲነድ አንፈልግም። አፈሩ ተሸንቁሮ ነፋስ ከገባ ይንቦገቦግና ስንት ዓመት የጠበቅነው ዛፍ አመድ ሆኖ ይቀራል።

ያን ሰሞን ባለቤቴ ወገቡን ታሞ ስለተኛ ክምሩን የጠበቅሁት ብቻዬን ነው። በስድስተኛው ቀን ስከፍተው ቆሜ እያንቀላፋሁ ነበር። ከሰሉ ተዘርግቶ ሁለት ቀን መክረም ነበረበት፤ የተዳፈነ ፍም አይጠፋውምና። ማግስቱ ግን ገበያ ነው። ሸጬ ልገላገልና ልተኛ ብዬ በጠዋቱ ጆንያ ውስጥ ሞላሁት።

ሁልጊዜ የሚጭኑልኝ ባለጋሪው ጋሽ አለኸኝ ናቸው። ቤተሰባቸው የሚተዳደረው በአንድ ዳማ ፈረስ ነው።

«እቱ፣ በርዷል?» አሉኝ።

«በርዷል ጋሼ፣ ይጫኑት።»

እጄን ሰድጄ እንኳ አላየሁም፤ ሁሉ ነገር ታክቶኝ ነበር። እሳቸውም ቃሌን አምነው ጫኑ።

ከተማው ልንደርስ ስንል ነፋስ ተነሳ። ጆንያ ተደግፌ ሳንጎላጅ የጭስ ሽታ ቀሰቀሰኝ። ከፈረሱ ኋላ ያለው ጆንያ ይጨሳል። «ጋሼ!» ብዬ ሳልጨርስ ቦግ አለ። ፈረሱ ደንብሮ ሮጠ፤ በሮጠ ቁጥር እሳቱ ይብስ ተፋፋመ። እኔ ዘልዬ ወረድኩ። ጋሽ አለኸኝ ልጓሙን እንደያዙ ተጎተቱ። አንድ የመንገድ ዳር ባለሱቅ በባልዲ ውሃ ይዞ ባይደርስልን ኖሮ አልቆለት ነበር። ፈረሱ ተረፈ። ጀርባው ግን ተለብልቦ ቆዳው ተገሸለጠ።

እንዲሰድቡኝ ጠበቅሁ። «ደክሞሽ ነው። እሱም አልሞተ» አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ቁስሉን እያጠብኩ፣ ማር እየቀባሁ፣ ቤታቸው ስመላለስ ከረምኩ። አንድም ቀን ክፉ አልተናገሩኝም።

ፈረሱ ድኖ ሥራ ሲጀምር መጀመሪያ የመጡት እኔው ጋ ነው። ደስ አለኝ። ያን ጊዜ ከሰሉ ሦስት ቀን ተዘርግቶ የከረመ ነበር። «በርዷል ጋሼ» አልኳቸው ሳይጠይቁኝ። እሳቸው ግን እጅጌያቸውን ሰብስበው የእያንዳንዱን ጆንያ አፍ ፈቱና ክንዳቸውን እስከ ክርናቸው እየሰደዱ ዳበሱ። ከዚያ ጫኑ።

ይቅር እንዳሉኝ አውቃለሁ። ቃሌን ግን ዳግመኛ አያምኑም፤ አልፈርድባቸውም። የዚያ ሰሞን ድካም በእንቅልፍ ወጣልኝ፣ ይህኛው ግን እስካሁን አለ። አሁን ሲመጡ ጆንያዎቹን ሁሉ ራሴ እፈታላቸውና፣ እጃቸውን ሲሰዱ ላለማየት ወደ ጓሮ ዞር እላለሁ።