የሼህ አብዱልሰመድ ጥንቅሽ

ፋኢዛ ከሚሴ ውስጥ ባዮሎጂ ታስተምራለች። አስተማሪ ማለት እሷ ናት! ተማሪ ሲገባው ከተማሪው በላይ የምትፈነድቅ። አባቷ ሼህ አብዱልሰመድ ግን፣ «የኔ ልጅ ሽንኩርት እየላጠች ደሞዝ ትበላለች» እያሉ በአገራቸው በጨፋ ገበሬ ፊት ሁሉ ያሾፉባታል። አብራ ትስቃለች፤ ሆዷ ግን ቅር ይለዋል። አንድ ቀን ሥራዋን አይተው «ማሻአላህ» ቢሏት ምን ነበረበት?

አሁን ደግሞ ጊዜው አጠረ። የሼሁ አንድ ዓይን ከጠፋ ቆይቷል፤ የቀረው ዓይናቸውም ደብዘዝ አድርጎ ነው የሚያየው፤ ሞራው ነገ ደሴ ሊገፈፍ ነው። ሐኪሙ «አላህ ያውቃል» ከማለት በቀር ቃል አልገባም። ስለዚህ ዛሬ፣ ተማሪው ሲበተን፣ እጃቸውን ይዛ ቤተ ሙከራ አስገባቻቸው። እሳቸውም ባዶ እጄን ልጄ ዘንድ አልሄድም ብለው ከማሳቸው አንድ ዘንግ ጥንቅሽ ይዘዋል።

ማይክሮስኮፑ በመስኮት ፀሐይ የሚሠራ አሮጌ ነው። የሽንኩርት ስስ ልጣጭ አስቀመጠችላቸው። ሼሁ አጎንብሰው ቆዩ።

«ጡብ ነው እንዴ የደረደርሽው?»

«ሴል ይባላል፣ አባ። እያንዳንዱ የራሱ ግድግዳ አለው። ያቺ ነጥብ የቤቱ አዛዥ ናት። ጥንቅሽዎም ውስጡ እንዲሁ ነው።»

«ወግጂ! አንዱ ያስለቅሳል፣ አንዱ ይጣፍጣል፤ ምን አገናኛቸው?»

«ቆይ ላሳይዎት» ብላ ምላጭ ፍለጋ ሳጥኑን ስትበረብር ቆየች። ዞር ስትል ጥንቅሽ የለም! በጨፋ ሰው እጅ ጥንቅሽ መቼ ውሎ ያድራል? ሼሁ ልጠው፣ አኝከው፣ የተመጠጠውን በመዳፋቸው ይዘው እንደ ሕፃን አፍረዋል።

ልትቆጣ አፏን ከፈተች፤ ፀሐዩም ከመስኮቱ እየሸሸ ነው። ግን ምን ታድርግ? ከመዳፋቸው አንዲት ቀጭን ክር ነጥላ መስታወቱ ላይ ዘረጋቻት።

«ይዩ፣ አባ። ጣፋጩን ውሃ የያዙት ሴሎች ግድግዳቸው ስስ ነው፤ ጥርስዎ ጨፈለቃቸው። እነዚህ ረጃጅሞቹ ግን ውሃ ከሥር የሚያወጡት፣ አገዳውን ቀጥ አድርገው የሚያቆሙት ናቸው። ግድግዳቸው ወፍራም ነው፤ እርስዎም አልቻሏቸውም።»

«ሁሉም ግን ሴል?»

«ሁሉም። የአንድ ዘር ልጆች ናቸው፤ ሥራቸው ነው የለያያቸው።»

ሼሁ ዓይናቸውን አላነሱም። ፀሐዩ ከሄደ በኋላም አላነሱም። «ሱብሃነላህ! ዕድሜዬን ሙሉ እያላመጥሁ የተፋሁት ይሄን ነው?»

ከዚያ ቀና ብለው ፊቷን በእጃቸው ዳበሱ። «ማሻአላህ፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ። ነገ ዓይኔ ባይበራ እንኳ አይቆጨኝም፤ ያንቺን ሥራ አይቼበታለሁ።»

የፋኢዛ እንባ በጣቶቻቸው ላይ ወረደ።

«ሽንኩርቱ ነው» አለች።

«ውሸት» አሉ ሼሁ፤ «ይሄስ የጥንቅሹ ነው።»