የአባትዎ ፈረቃ

ልጃችን ገና በሆዴ እያለ በቤታችን እርስዎ እየተባለ የሚጠራ ብቸኛው ሰው ሆነ። ጥፋቱ የእኛ ነው። ለምርመራ በሄድን ጊዜ ወንድ ይሁን ሴት እንዳይነግሩን ለመንን፤ ቤት ተመልሰን ልናናግረው ስንቀመጥ ደግሞ "አንተ" እንበል "አንቺ" እንበል ቸገረን። ባለቤቴ አንድ ቀን "አንተ"፣ አንድ ቀን "አንቺ" እያልን በየተራ እንሞክረው የሚል ሐሳብ አመጣ። ሰውን ገና ሳይወለድ እንዲህ ማንገላታት ምን ይባላል? በመጨረሻ "እርስዎ" ላይ ተስማማን። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ሆዴን በእጄ ደገፍ አድርጌ፣ "እንዴት አደሩ? ዛሬ ቁርስዎ እንቁላል ነው። ትናንት አስመልሰውኛል፤ ዛሬ እባክዎ ይታገሱኝ" እላለሁ።

አናግሩት ያለችን ነርሷ ናት። "አሁን መስማት ጀምሯል፤ አውሩለት" አለች እንደ ዋዛ። ባለቤቴ ግን ዋዛ የሚባል ነገር አያውቅም። ታቦር ሰፈርን ቤት ለቤት እየዞረ የውሃ ቆጣሪ የሚያነብ ሰው ነው፤ ውሻ ቢኖርም ባይኖርም ሳያነብ የሚያልፈው በር የለም። በዚያው ዕለት ፈረቃ አወጣ። ጠዋቱና ቀኑ የእኔ፣ በአማርኛ፤ ከእራት በፊት ያለው ሰዓት የእሱ፣ በሲዳምኛ።

የእኔ ፈረቃ ሥራ ይበዛበታል። መናኸሪያ አጠገብ ትንሽ የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ቀኑን ሙሉ ሰው ይገባል ይወጣል፤ እኔም የሆነውን ሁሉ ለልጁ በሹክሹክታ አስተላልፋለሁ። "እኚህ ሰውዬ መታወቂያቸውን ለአምስተኛ ጊዜ ኮፒ ሊያስደርጉ መጡ። የት እንደሚያደርጉት እሳቸውና ፈጣሪ ይወቁ።" "መብራት ሄደ፤ እርስዎ እንኳ ለጨለማው አዲስ አይደሉም።" ደንበኞቼ መጀመሪያ ከማን ጋር እንደማወራ ግራ ገብቷቸው ወደ ኋላቸው ዘወር ይሉ ነበር። ኋላ ለመዱን። አንዳንዶቹ ሲወጡ "ለእሳቸውም ሰላም በይልን" ይሉኝ ጀመር።

ማታ ቤት ስንገባ ልጁ በመካከላችን ሽማግሌ ሆኖ ይቀመጣል። ሽሮው ጨው ካነሰው ባለቤቴ ለእኔ አይነግረኝም፤ ወደ ሆዴ ጎንበስ ብሎ "እናትዎ ጨው ረስተዋል፤ እርስዎ ቢነግሯቸው ይሻላል፣ እኔን ይቆጡኛል" ይላል። እኔም "አባትዎ ዛሬም ካልሲያቸውን ሶፋ ላይ ጥለዋል፤ ይህን ከእሳቸው እንዳይወርሱ" እላለሁ። ቀድሞ ሁለት ቀን የምንኮራረፍበት ነገር ሁሉ በዚህ አኳኋን በሳቅ ያልቅ ጀመር።

የእሱ ፈረቃ ግን ሌላ ነበር። እግሩን ታጥቦ ምንጣፉ ላይ ይቀመጣል፤ አፉን ወደ ሆዴ አስጠግቶ በሲዳምኛ ይናገራል። ቀን በየአጥሩ "ቆጣሪ! ቆጣሪ!" ሲል የዋለ ጉሮሮ በዚያች ሰዓት ይለሰልሳል፤ ቃላቱን ይስባቸዋል፣ ያባብላቸዋል። ልጁም ይህን ድምፅ ሲሰማ መራገጥ ይጀምራል። በእኔ የቀን ወሬ አንድ ጊዜ እንኳ እንደዚያ ተራግጦ አያውቅም። እውነቱን ለመናገር ቀናሁ።

"ምን እያልከው ነው?" አልኩት አንድ ቀን።

"ስለ አገሩ ነው። በአማርኛ ሲሉት ጣዕሙ ይሄዳል።"

ጣዕሙ ይቅርብኝ፣ ፍሬ ነገሩን ንገረኝ ብዬ ብለምነውም እሺ አላለም። ውሎ አድሮ ግን አንድ ነገር ልብ አልኩ፤ ንግግሩ በየቀኑ ያው ነው። ሰባት ስምንት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ናቸው፤ ሲያልቁ ከመጀመሪያው ይጀምራል። ጸሎት ይሆናል ወይም የዘር ሐረግ ነገር ይሆናል ብዬ አከበርኩት። እኔ ራሴ ወላጆቼ ከቡታጅራ በኩል መጥተው እዚህ ሐዋሳ ሱቅ የከፈቱ ነጋዴዎች ናቸው፤ ከእነሱ ቋንቋ የቀረኝ ሰላምታና ስድብ ብቻ ነው። ሲዳምኛዬም ከገበያ ሰላምታ አያልፍም። ቢያንስ ከሁለት አንዳችን ለልጁ የምናወርሰው ነገር አለን ብዬ ደስ አለኝ።

ደስታዬ ያለ ምክንያት አልነበረም። አማቴ፣ የባለቤቴ እናት፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ቱላ ነው የሚኖሩት። አምስት የልጅ ልጆች አሏቸው፤ አምስቱም ከተማ ያደጉ፣ አምስቱም ከአማርኛ ሌላ የማይናገሩ። የእሳቸው አማርኛ ደግሞ "ና፣ ብላ፣ እሺ" ላይ ያበቃል። በዓል ሲሆን ልጆቹ መጥተው ጉልበታቸውን ይስማሉ፣ ወተታቸውን ይጠጣሉ፣ ከዚያ ስልካቸው ላይ ያቀረቅራሉ። አማቴ ፊት ለፊታቸው ተቀምጠው አናታቸውን ሲያዩ ይውላሉ። ያረገዝኩ ሰሞን ባለቤቴ በታናሽ እህቱ በኩል "ይህኛው ግን ያናግራታል፤ እንዲህ ብለሽ ንገሪያት" ብሎ ላከባቸው። በየሳምንቱ በስልክ እያገኛቸው ለምን በእህቱ በኩል እንደላከ ያኔ አልጠየቅኩም። በስልክማ እሳቸው ረዘም አድርገው ሲናገሩ እሱ በሲዳምኛ "አዎ፣ አዎ" ይላል፣ ይስቃል፣ ይዘጋል። ዝምተኛ ልጅ ነው ብዬ ነበር የተውኩት።

እኔ ደግሞ እጄን አጣጥፌ መቀመጥ አይሆንልኝም። ንግግሩን በየማታው እያዳመጥኩ በቃሌ ያዝኩት፤ አማቴን ላስደንቃቸው።

ስምንት ወር ሲሆነኝ አንድ እሁድ ቱላ ሄድን። ባጃጁ ጉድጓድ በገባ ቁጥር ባለቤቴ ወደ ሆዴ ጎንበስ ብሎ "ይቅርታ ያድርጉልን" ይላል፤ ሹፌሩ ደግሞ ለእሱ የተባለ መስሎት "ኧረ ችግር የለም ጋሼ" ይላል። እንዲህ እየተከባበርን ደረስን።

አማቴ ከቆጮ የሚሠራውን፣ በቅቤ የራሰ ቡርሳሜ ሠርተው ጠበቁን። እዚያው ቱላ የምታስተምረው ታናሽ እህቱም ነበረች። ከበላን በኋላ ቀና ብዬ ተቀመጥኩ፣ ሆዴን በሁለት እጄ ያዝኩ፣ የባለቤቴን ንግግር ከነአሳሳቡ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተወጣሁት። ባለቤቴ በዓይኑ ተይ ይለኛል፤ እኔ ደግሞ ኩራት ነው ብዬ ድምፄን ጨመርኩ።

አማቴ መጀመሪያ በሩን አዩ። ቀጥለው ሆዴን አዩ። ከዚያ የቤቱን ምሰሶ ይዘው መሳቅ ጀመሩ፤ ሲስቁ፣ ሲስቁ እንባቸው ወረደ።

"ምን አጠፋሁ?" አልኩ እህቱን።

እሷም እየሳቀች ነው። "ምንም አላጠፋሽም፤ አንድም ቃል አልሳትሽም። ግን ይሄ ላም ስትታለብ ለጥጃ የሚባል ነው። 'ና፣ ና ግባ። ቀስ በል፣ እናትህን አትርገጣት። ጥባ፣ ጥባ። በቃ፣ አሁን በቃህ፣ ለእኛም ተውልን። ና ውጣ፣ ልሰርህ።'"

ሁለት ወር ሙሉ! ልጄን በየማታው ሲያስገባው፣ ሲያስጠባው፣ ጎትቶ ሲያስወጣውና ሲያስረው ኖሯል። አትርገጣት እየተባለ መራገጡ ደግሞ ከማን እንደወረሰው አሁን ይገባኛል፤ እኔም የተባልኩትን አልሰማም።

አማቴ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠርገው ወደ ልጃቸው ዞሩ። ሳቃቸው ቆሟል። ረዘም አድርገው አንድ ነገር ጠየቁት። እሱም እንደ ልማዱ በሲዳምኛ "አዎ" አለ። 

"ምን ብላ እንደጠየቀችህ አውቀሃል?" አለችው እህቱ በአማርኛ።

መሬት መሬት አየ። "አማ፣ አልገባኝም" አለ። ለእናቱ በአማርኛ ሲናገር ያን ቀን ገና መስማቴ ነበር።

"'ባለፈው ዓመት ደውዬ ላሟ ሞተችብኝ ስልህ አዎ አዎ ብለህ የሳቅከው ለዚህ ነው ወይ?' ነው ያለችህ።"

ምስኪን ባሌ፣ ሳያውቀው ለአንድ ጊዜ ትክክለኛውን መልስ መልሶ ነበር።

ከዚያ ነገሩን አወጣው። በሰባት ዓመቱ አጎቱ ለትምህርት ብለው ወደ ከተማ ወሰዱት። ትምህርት ሲዘጋ ብቻ ቱላ ይመለሳል፤ ሥራው ደግሞ ላም ስትታለብ ጥጃውን ማስገባትና ማውጣት ነበር። ዓመት ዓመትን ሲተካ ሌላው ሲዳምኛ ሁሉ ከአፉ ጠፋ፤ ያቺ የጥጃ ንግግር ብቻ ቀረች። "መጀመሪያ አንድ ቃል አልገባኝም ማለት አፈርኩ። ቀጥሎ ሁለት። እንዲህ እያልኩ ሁሉንም አፈርኩበት" አለ። "ልጁን ሳናግረው ግን ሳላስብ የምትመጣልኝ እሷ ናት። ሌላማ ምን አለኝ?"

ልቆጣው ተዘጋጅቼ ነበር፤ ፊቱን ሳየው አልቻልኩም። ቃሉን ለእናቱ የሰጠው ባዶ እጁን መሆኑን እሱ ብቻ ሲያውቅ ነው የከረመው። አዘንኩለት። ደግሞ እኔ በምን አፌ ልናገር፤ የእኔ ወላጆች ቋንቋ ውስጥ እኮ ለጥጃ የሚሆን እንኳ የለኝም።

አማቴ ተነሥተው አጠገቤ ተቀመጡ። እጃቸውን ሆዴ ላይ አድርገው ቀስ ብለው ለልጁ መናገር ጀመሩ። ጥቂት ተናግረው ቀና አሉ፤ የሠላሳ ስድስት ዓመት ልጃቸውን ጆሮውን ይዘው እግራቸው ሥር አስቀመጡትና ድገም አሉት። ደገመ። እንደገና ድገም አሉት።

ከዚያን ቀን ወዲህ የማታው ፈረቃ አስተማሪ ተቀጠረለት። አማቴ ማታ ማታ ይደውላሉ፤ እኔ የስልኩን ድምፅ ከፍቼ ሆዴ ላይ አስቀምጠዋለሁ፤ ባለቤቴ ጆሮውን ከስልኩ አጠገብ ያደርጋል። አንድ አስተማሪ፣ ሁለት ተማሪ፣ ጥቁር ሰሌዳው እኔ። ውሃን፣ እሳትን፣ ዝናብን፣ ትናንትናን ተማሩ። "አይዞዎት፣ አብሮዎት የሚማረው ልጅ ትንሽ ዘገምተኛ ነው፤ ጥለውት እንዳይሄዱ" እላለሁ ለልጁ። ባለቤቴ ግን የቤት ሥራውን ታቦር ይዞ ይወጣ ጀመር። በየአጥሩ ከእናቶች ጋር በሲዳምኛ እየተኮላተፈ ቆጣሪ ያነባል፤ እነሱም እያረሙ ይሸኙታል። ይህንኑ ማታ ለእናቱ ሲነግራቸው በስልኩ ውስጥ ሲስቁ እሰማቸዋለሁ።

ባለፈው ሐሙስ እንደ ልማዳቸው ደወሉ። ድምፃቸው ዝግ ያለ ነበር፤ ትንሽ ነገር ብቻ ተናገሩ። ባለቤቴ "አዎ" ሊል አፉን ከፈተ፣ ተወው። ከዚያ በሲዳምኛ አንድ አጭር ነገር አላቸው። ምን እንዳለ ያወቅኩት አማቴ ያሉትን ከመጀመሪያው፣ ቀስ ብለው፣ ቃል በቃል ሲደግሙለት ነው። አልገባኝም፣ ድገሚልኝ ማለቱ ነበር።

ስልኩ ሲዘጋ ምን አሉ አልኩት። በአማርኛ ጣዕሙ ይሄዳል አላለኝም።

"ወገቤን አሞኛል ነው የምትለው። ከተኛች ሳምንቷ ነው፤ እህቴን ራሴ እነግረዋለሁ፣ አንቺ እንዳትነግሪው ብላታለች" አለ። ቀጥሎም "ከዚህ በፊትስ ስንት ጊዜ ነግራኝ ይሆን?" አለ። እጁን ያዝኩት።

በማግሥቱ ከመሥሪያ ቤቱ ፈቃድ ጠይቆ ገና በጠዋት ቱላ ሄደ። ልጁና እኔ ቁርሳችንን ለብቻችን በላን። የማታው ፈረቃ ተማሪ በጠዋት የት እንደጠፋ ሳይጠይቀኝ አይቀርም ብዬ ሆዴን በእጄ ደገፍኩና ነገርኩት። "አባትዎ እናታቸውን ሊጠይቁ ሄደዋል፤ መታመማቸው ገብቷቸው።"