የኮምባይነር ሹፌሩ ሚስት የበረዶ ሩጫ

ሙቢናን አሰላ ውስጥ የማያውቃት የለም ቢባል ማጋነን ይሆናል። በሳጉሬ መንገድ ዳር ያሉት ግን ሁሉም ያውቋታል። ረዘም ያለች፣ ጠይም፣ ስትስቅ አፏን በእጇ የምትሸፍን ሴት ናት። ልጅ ሳለች ትሮጥ ነበር። ደህና ሯጭ ነበረች፤ አሰላ ውስጥ ግን ደህና ሯጭ እንደ ገብስ ማሳ ነው፣ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ጊዜዋ ሲደርስ አገባች፣ ሩጫውም በዚያው ቀረ።

ባሏ ሚፍታ የኮምባይነር ሹፌር ነው። ስንዴ ሲደርስ ከአርሲ እስከ ባሌ እየዞረ ያጭዳል። አጨዳው ሲያልቅ ቤቱ ይመጣል፣ ሲመጣ ይማታል። መጀመሪያ በጥፊ ነበር፣ በኋላ በቀበቶ። ለምን ትመታታለህ ብትሉት መልስ አይጠፋውም። ወጡ ጨው በዛበት፣ በሩን ዘግይታ ከፈተች፣ አፍጥጣ አየችኝ፣ ጭራሽ አላየችኝም። የሚኖሩት ከእናቱ ከአዴ ሶፊ ጋር ነው። አዴ ሶፊ ልጃቸው ሲማታ መሃል ይገባሉ፤ አንዳንዴ ዱላው እሳቸውንም ያገኛቸዋል።

እንግዲህ እንዲህ እያለ ነው መምህር እንደሻው የመጣው። ከሌላ ክፍለ ሀገር ተመድቦ አሰላ ስፖርት የሚያስተምር ሰው ነው። በወጣትነቱ የበረዶ አገር ሄዶ ተምሯል፤ ከዚያ ሲመለስ ሰው ልብስና ቴሌቪዥን ሲያመጣ እሱ ጎማ የተገጠመለት የበረዶ መንሸራተቻና ቀጫጭን ዘንጎች ይዞ መጣ። ከአሰላ አንድ ሰው በረዶ ላይ አወዳድሬ ካልሞትኩ ይል ነበር። ሰው ይስቅበታል። እሱም አብሮ ይስቃል።

"ጋሼ፣ እኔ እኮ አርጅቻለሁ" አለችው ሙቢና፣ እንድትሞክር ሲጠይቃት።

"በዚህ ስፖርት ያንቺ ዕድሜ ገና ጡት መጣል ነው" አላት። "ሳንባ አለሽ። የቀረሽ ክንድ ነው። ክንድ ደግሞ ይበቅላል።"

ሚፍታ ባሌ ነበር። አዴ ሶፊ ነገሩን ሲሰሙ ግራ ገባቸው። "በረዶ ስንዴ የሚያጠፋ ነገር ነው። ሰው እሱን ፍለጋ ይሄዳል?" አሉ። ግን አልከለከሏትም። በየጠዋቱ ጎማውን እግሯ ላይ አስራ አስፋልቱን በዘንጎቹ እየወጋች ሽቅብ ትሄዳለች። ባጃጅ ነጂዎቹ አይለቋትም።

"ሙቢና፣ የማንን ከብት ነው የምትነጂው?"

"ተዋት፣ መንጃ ፈቃድ እያወጣች ነው።"

"በረዶው ሲመጣ ንገሪን፣ ገብሳችንን እንድንሰበስብ።"

አንዳንዱ ድንጋይ ይወረውራል። አንድ ቀን አንዱ ጀርባዋን አገኛትና አስፋልቱ ላይ ተዘረጋች፤ የጉልበቷ ቆዳ ተገፎ ቀረ። ተነስታ ሄደች። ከባሏ ዱላ ጋር ሲተያይ ይሄ ለእሷ ድንጋይ አይባልም።

ሚፍታ የሰማው ጫት ቤት ነው። "ሚስትህ ጎማ አስገጥማለች አሉ፤ አንተ ኮምባይነር ላይ፣ እሷ ጎማ ላይ፣ ቤቱን ማን ይጠብቃል?" አሉት ጓደኞቹ። ሰውዬው ሲሳቅበት አይወድም። ከባሌ በመጣበት መኪና ቀጥታ ወደ ሳጉሬ መንገድ ሄደ፣ ቁልቁል ስትመጣ አገኛት። እግሯ ከጎማው ጋር ታስሯል፣ መሸሽ አትችልም። በሻሿ ይዞ ጎትቶ ጣላት። ከእጇ አንዱን ዘንግ ነጥቆ በዚያው ዘንግ መታት። ዘንጉ እስኪሰበር መታት፣ ሲሰበር በጫማው ቀጠለ። ጎድኗ ሲሰበር ድምፁን ራሷ ሰማችው፤ ደረቅ እንጨት ጉልበት ላይ ሲሰብሩት እንደሚያሰማው። ባጃጅ ነጂዎቹ ሮጠው መጥተው ሲያላቅቁት አፉ አረፋ ደፍቆ ነበር።

አዴ ሶፊ ይህን ሰሙ። ሲንቄያቸውን ከግድግዳው አወረዱና ደጅ ወጥተው ጮሁ። ሲንቄ ማለት ሴት ልጅ ስትዳር እናቷ የምትሰጣት ቀጭን በትር ናት። ሴቶች እሷን ይዘው ከወጡ ወንድ መንገዳቸውን አያቋርጥም። ሴት በሁለት ተጣዪዎች መሃል ሲንቄዋን ከጣለች ማንም አይሻገራትም፣ ነፍስ ያጠፋም ቢሆን እዚያው ይቆማል። የሰፈሩ ሴቶች የአዴ ሶፊን ድምፅ ሰምተው የየራሳቸውን ይዘው ወጡ፣ እየዘፈኑ መጥተው የሚፍታን ደጅ ከበቡ። የገዛ እናቱ ከፊት። ሚፍታ ቤት ውስጥ ተቀምጦ መውጣትም መብላትም አቃተው።

ሽማግሌ ገባ። ሐጂ ገልቹ ነበሩ የመሩት። ሚፍታ ወይፈን አርዶ፣ በሴቶቹ ፊት ተንበርክኮ ማለ። "ሁለተኛ እጄን ካነሳሁባት ሚስቴ አይደለችም፣ ቤቱም ቤቴ አይደለም" አለ። ከዚያ ቀና ብሎ እሱም የራሱን ጠየቀ። ትሂድ፣ በረዶዋ ላይ ትወዳደር። ሩጫውን ከጨረሰች ከእንግዲህ አልከለክላትም። ካልጨረሰች ግን ዘንጎቹ ይሰቀላሉ፣ ቤቷ ትቀመጣለች። ሐጂ ገልቹ ጺማቸውን እየነካኩ አሰቡና ለሁለቱም ወገን እኩል ነው አሉ። በዚህ ተጨረሰ።

ሙቢና ከመጋረጃው ጀርባ ጎድኗ ታስሮ ተኝታ ይህን ሁሉ ትሰማለች። ማንም ገለጥ አድርጎ አንቺስ ምን ትያለሽ አላላትም።

ጎድኗ ጠገገ። ክንዷ በቀለ። የጉዞ ወረቀቱን እንደሻው እንዴት እንዳስጨረሰው እሱ ያውቃል፤ በበረዶው አገር ክረምት ይዟት ሄደ፣ ለወራት እውነተኛው በረዶ ላይ ስትወድቅ ስትነሳ ቆየች። ትንንሾቹን ውድድሮች እንደምንም አለፈች። የዓለም ሻምፒዮናው ቀን ደረሰ።

የሴቶች ሃምሳ ኪሎ ሜትር ነው። አንድን ዙር ደጋግመው ነው የሚዞሩት። "አንድ ነገር ብቻ አትርሺ" አላት እንደሻው፣ ማሰሪያዋን እያጠበቀላት። "መሪዎቹ ዞረው ከኋላ ከደረሱብሽ ያስወጡሻል። ሕጉ ነው። ገብቶሻል? ማሸነፉ ለሌላ ሰው ይሁን፤ አንቺ ብቻ እንዳይደርሱብሽ።"

"ገብቶኛል።"

"ከፈራሽ አሁን ንገሪኝ።"

"ቤት ከመመለሱ አይብስም" አለችው።

ተኩሱ ሲሰማ ሴቶቹ በር እንደተከፈተለት መንጋ ተለቀቁ። ከቴሌቪዥን ሲያዩት ጭፈራ ይመስላል። ውስጡ ሲገቡ ግን ዱላ ነው። ክርን ደረቷን ያገኛታል፣ የሰው መንሸራተቻ የእሷን ይረግጣል፣ የብረት ጫፍ ያለው ዘንግ በየፊቱ ይወናጨፋል። ገና ከመነሻው ሳይርቁ የአንዷ ዘንግ ቅንድቧን ቀደደው። ደሙ ወርዶ ሽፋሽፍቷ ላይ በረደ፣ አንድ ዓይኗ ተጣበቀ። በጓንቷ ፈቅፍቃ አስለቀቀችው። ቆዳም አብሮ ተነሳ።

ዳገቱ ላይ ደህና ነበረች። ጭላሎ ተራራ ሥር ያደገ ሰው ዳገት አይፈራም፤ በየዳገቱ ሰው ታልፋለች። ቁልቁለቱ ነው ጠላቷ። ሌሎቹ እዚያው ተወልደው ወተት ሲጠጡ የለመዱት ነገር ነው፣ ጎንበስ ብለው እንደ ጥይት ይወረወራሉ። እሷ ትወድቃለች። ስትወድቅ ከኋላ የመጣችው ትወጣባታለች። በአንዱ ዙር ከዛፍ ጋር ተጋጨች፤ የጠገገው ጎድን እንደገና ጮኸባት። በሌላው ዙር የአንዷ መንሸራተቻ ባቷን ሰነጠቀው። በረዶው ላይ የደሟን መስመር ትታ ሄደች፣ ዞራ ስትመጣ በራሷ ደም ላይ አለፈች። እንደሻው ከዳር ሆኖ "አለሽ፣ አሁንም አለሽ፣ መሪዎቹ ሩቅ ናቸው" ይላታል። ሐሞት የሚመስል ነገር ትተፋለች፣ ትቀጥላለች።

መጨረሻው ሲቃረብ፣ ከጠባቡ መታጠፊያ ላይ ከፊቷ ሁለት ሴቶች ተጠላለፉና ወደቁ። አንዷ ቢጫ ለብሳለች፣ አንዷ ሰማያዊ። ሰማያዊዋ ቀድማ ልትነሳ ስትል ቢጫዋ አንገትጌዋን ይዛ ወደ ታች መለሰቻት። ሰማያዊዋ በክርኗ አፍንጫዋን አለቻት። ቢጫዋ ደም በደም ሆና በንዴት ዘንጓን ወረወረች። ዘንጉ በሁለቱ መሃል፣ ከመንገዱ ዳር እስከ ዳር ተጋድሞ ወደቀ።

ሙቢና ቆመች።

አስባ አይደለም። ጉልበቷ ነው የቆመው። ሴት በጠብ መሃል የጣለችው ዘንግ ፊቷ ተጋድሟል፣ እሱን መሻገር የሚባል ነገር ሰውነቷ አያውቅም። እስክታነሳው ልጠብቅ ብላ ቆመች። ከኋላ የመጣችው ወገቧን መትታ አለፈች፣ በማይገባት ቋንቋ ሰደበቻት። ሌላዋ ዘላ አለፈች። ሌላዋም። ከአጥሩ ማዶ እንደሻው አንገቱን አስግጎ፣

"ሙቢና፣ ምን ነካሽ? እለፊ እንጂ!"

"ዘንጉ ተጥሏል፣ ጋሼ።"

"የምን ዘንግ? እንጨት ነው እኮ፣ ዝለይው።"

እሷም እንጨት መሆኑን ታውቃለች። ቢጫዋ ሴት አፍንጫዋን ይዛ ተቀምጣ ከታች ወደ ላይ ታያታለች፤ ይቺ ደግሞ ምን ሆና ነው የቆመችው የምትል ይመስላል። በዚህ መሃል አንዲት ግዙፍ ሴት እንደ ጎርፍ መጥታ ዘንጉ ላይ ወጣችበት። ቀጭ ብሎ ለሁለት ተሰበረ። ሙቢና ጎድኗን ያዘች። ከዚያ በስብርባሪው መሃል አለፈች።

ብዙ ጊዜ አልነበረም የቆመችው። ግን ያው በቂ ነበር። የመጨረሻው ዙር ከሚጀመርበት በር በፊት ባለው ዳገት ላይ ከኋላዋ ድምፅ ሰማች፤ ብዙ ዘንግ አንድ ላይ በረዶ ሲወጋ። መሪዎቹ ናቸው። በሩ ይታያታል። ከዚያ በር ቀድማ ካለፈች የመጨረሻውን ዙር ይተዉላታል። ጥርሷን ነከሰች። ክንዷ እንደሚቃጠል ገመድ ሆነ፣ ባቷ ተከፍቶ ደሙ ጫማዋ ውስጥ ይንቦጫቦጫል፣ ጎድኗ በየትንፋሹ ይወጋታል። በሩ ደረሰ ስትል አንዷ በቀኟ፣ አንዷ በግራዋ አለፏት። ትከሻዋን እንኳ አልነኳትም፤ እንደ ንፋስ ነው ያለፉት።

በሩ ላይ አንድ ብርቱካናማ የለበሰ ሰው ክንዱን ዘርግቶ ቆመ። ውጪ ማለቱ ነው። ሙቢና ሁለቱንም ዘንጎች ከፍ አድርጋ ያዘች፣ ለአፍታ ሰውዬውን በነሱ ልትለው አማራት። አላለችውም። ወጣች። በጉልበቷ ተንበርክካ አስመለሳት።

ከአዲስ አበባ ወደ አሰላ ሲመለሱ የዴራን ከተማ እንዳለፉ እንደሻው ወደ እሷ ጎንበስ አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ጨረስኩ በያቸው" አላት። "እነሱ በቴሌቪዥን ያዩት መሪዎቹን ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ምንም አላየሁም።"

ሙቢና በሚኒባሱ መስኮት ታያለች። 

ሽማግሌዎቹ ከአዴ ሶፊ ቤት ተሰብስበው ጠበቋት። ሚፍታ ተላጭቶ፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ከሐጂ ገልቹ አጠገብ ተቀምጧል። ቅንድቧ ላይ ያለውን ስፌት አይቶ ፈገግ አለ። "እዚያም ባል አገኘሽ እንዴ?" አላት። ማንም አልሳቀለትም።

"ልጄ፣ እንኳን በሰላም መጣሽ" አሉ ሐጂ ገልቹ። "ሩጫው እንዴት ሆነ? ጨረስሽው?"

"አልጨረስኩትም፣ ሐጂ። ደረሱብኝና አስወጡኝ።"

አዴ ሶፊ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሚፍታ ተነሳ፣ ሱሪውን አራገፈ። "በቃ፣ አለቀ። ዘንጎቹን አምጪ፣ ለማገዶ ይሆናሉ። ግቢ ወደ ጓዳሽ።"

"አልገባም።"

"ምን አልሽ?"

"የነሱን ሕግ ሳልጀምር ነገሩኝ፣ እሺ ብዬ ገባሁ። ስለዚህ ውጪ ሲሉኝ ወጣሁ። የእናንተን ማን ጠየቀኝ?" ወደ ሽማግሌው ዞረች። "ሐጂ፣ ይቅርታዎን፣ እኔ ያኔ መጋረጃው ጀርባ ጎድኔ ታስሮ ተኝቼ ነበር። እርስዎም አልጠየቁኝም። ነገ ጠዋት አስፋልቱ ላይ ነኝ።"



"ድገሚው" አላት ሚፍታ። አንገቱ ላይ ያለው ጅማት ተገትሯል።

"ነገ ጠዋት አስፋልቱ ላይ ነኝ።"

እጁ ከትከሻው ሲነሳ አየችው። ያን ሁሉ የሚወናጨፍ ዘንግ ሾልካ ያለፈች ሴት ናት፣ የሚመጣ ነገር ከየት እንደሚመጣ ዓይኗ ለምዷል። ቡጢው መጣ። አንገቷን እንኳ አልሰበረችም። አፏን አገኛት፣ ከግድግዳው ጋር አጋጫት፣ ከደሙ ጋር ጥርስ ወለሉ ላይ ወደቀ።

 ሚፍታ እጁን አየው። ሽማግሌዎቹም የሚያዩት እሱኑ ነው።

"ሚፍታ" አሉ ሐጂ ገልቹ፣ ቀስ ብለው። "ምን ብለህ ነበር የማልከው?"

 መልሱንም ሳይጠብቁ በዱላቸው በሩን አሳዩት። ወጣ።

አዴ ሶፊ ሻሻቸውን ፈትተው ተንበረከኩና አፏን ያዙላት። 

"ዞር ማለት አትችይም ነበር?" አሏት፣ በጆሮዋ።

"እችል ነበር" አለች ሙቢና፣ ደሙን እየዋጠች።