ቅዳሜዎቹን የወሰዱት ልጆች

ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት፣ ዳንግላ

ሰማይና ምድሩ ሳይላቀቅ ከቤት ወጣሁ። እናቴ በር ላይ ቆማ «ደብተሩን ይዘህ ና፤ ሌላ ምን ቀረን» አለችኝ።

ደብተሩ የታላቅ ወንድሜ የአበጀ ነው። አርባውን አውጥተናል። እንጅባራ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ተቀጥሮ ይሠራ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ በከተማው ቤተ መጻሕፍት ለልጆች ተረት ያነብ ነበር፤ በነጻ። ተረቶቹን የጻፈበት ደብተር እዚያው ቀረ።

መናኸሪያው ይበርዳል። ሚኒባስ፣ መቶ ሃያ ብር። ረዳቱ «የኋላ ወንበር አምስት ሰው ነው፣ ጠጋ ጠጋ በሉ» ይላል። አንዲት ጋቢ የደረቡ ሴትዮ «አራት የሚለውን ጽሑፍ አታነብም?» አሉት።

«እማማ፣ የጻፈው ሰው የእርስዎን ቅጥነት አላየም።»

እሳቸውም ሳቁ፤ ጠጋ አሉ።

1 ሰዓት፣ አዲስ ቅዳም

ግራና ቀኝ ለከሰል የተተከለ ዛፍ ነው፤ የከሰል ጆንያ ዳር ዳሩን ተደርድሯል። ሴቶች የተቀቀለ ድንች በመስኮት ያቀብላሉ። ከፊቴ ሁለት ወንድማማቾች ተቀምጠዋል። ትንሹ በትልቁ ትከሻ ላይ እንቅልፍ ወስዶታል። ትልቁ ድንቹን ልጦ እስኪነቃ ይጠብቀዋል።

ፊቴን ወደ ውጭ አዞርኩ።

አበጀ ሁለት ዓመት ሙሉ ቅዳሜን ቤት አልዋለም። እሑድ ወደ ቤት ሲመጣ ድምፁ ተዘግቶ ነው። «ትንሽ እናውራ» ስለው «ድምፄ አልቋል» ይለኝና ይተኛል። ለማላውቃቸው ልጆች ጨርሶት ይመጣል።

2 ሰዓት ተኩል፣ እንጅባራ

ጉሙ አልተነሳም። ከመናኸሪያ በባጃጅ ሄድኩ። የቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ በእጅ የተጻፈ ማስታወቂያ አለ፦ 3 ሰዓት ተረት፣ 4 ሰዓት ኮምፒውተር ለጀማሪ፣ ከሰዓት የ12ኛ ክፍል ጥናት፣ ሁሉም በነጻ። ለእነሱ ነው በነጻ አልኩ በልቤ። እኛ ቅዳሜዎቻችንን ከፍለንበታል።

ኃላፊዋ እትዬ የሺ «እግዜር ያጥናችሁ፣ ልጄ» ብለው ደብተሩን ከመሳቢያ አወጡ። ሽፋኑ ላይ የቤተ መጻሕፍቱ ማኅተም ተመትቶበታል። ሳየው ደሜ ፈላ።

«ይሄ የኛ ነው» አልኩ።

«የእናንተ ነው፤ ትወስደዋለህ። ልጆቹ ግን ዛሬም መጥተዋል። አንዱን ብታነብላቸው?»

«እኔ ሰው ፊት ሳነብ አፌን ይይዘኛል።»

«ይያዝህ። ማን ያሳድድሃል?»

3 ሰዓት

ሃያ የሚሆኑ ልጆች ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። «የጋሼ አበጀ ወንድም ነው» ተባባሉ። ጋሼ። እኔ በስሙ ነበር የምጠራው።

ተረቱ አባታችን በአዊኛ የሚነግረን ነው፤ ገብስ ሲሰርቅ የተያዘ ዝንጀሮ። የቤታችን መስሎኝ ነበር። እነሱ ግን ከኔ ቀድመው ይሉታል። ገበሬው «ገብሴን የበላህ አንተ ነህ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ የዝንጀሮው መልስ ላይ አፌን ያዘኝ።

«እ... እ... እኔ? ኧረ እ... እኔ አላየሁም።»

ክፍሉ በሳቅ ሞላ። ጆሮዬ ጋለ። ደብተሩን ዘግቼ ተነሳሁ።

«አትሂድ» አለች የፊት ጥርሷ የወለቀ ልጅ። «ዝንጀሮው እኮ አንተ ነህ።»

«ምን አልሽ?»

እትዬ የሺ መለሱልኝ። «ለዝንጀሮው ያንተን ድምፅ ነበር የሚያወጣለት። ‹ታናሽ ወንድሜ ስኳር ሰርቆ ሲያዝ እንዲህ ነው የሚለው› ይላቸዋል። በየሳምንቱ ድገምልን የሚሉት እሱን ነው።»

ስኳሩ እውነት ነው።

«ለገበሬውስ?»

«የራሱን» አለች ልጅቱ። «ጌታሁን ይችልበታል።»

ጌታሁን ዘጠኝ ዓመት ቢሆነው ነው። ተነሳ። ጉሮሮውን ሁለቴ ጠረገ፤ አበጀ እንደሚያደርገው። «አንተዬ፣ ገብሴን የበላህ አንተ ነህ?»

ዓይኔን ጨፈንኩ። አበጀ ነው። እንደዚያ ልጅ በማንም ቀንቼ አላውቅም።

«ድገመው» አልኩት።

«መጀመሪያ መልስልኝ እንጂ።»

መለስኩለት። እስከ 4 ሰዓት እሱ ጠየቀ፣ እኔ ካድኩ።

9 ሰዓት፣ ወደ ዳንግላ

ደብተሩን እትዬ የሺ ጋ ተውኩት። ሚኒባስ ውስጥ የገበሬውን ድምፅ ለማውጣት ሞከርኩ። ጉሮሮዬን ሁለቴ ጠረግኩ። አጠገቤ ያሉት ሽማግሌ «ውሃ ልስጥህ?» አሉኝ። አልመጣልኝም። አሥራ ስምንት ዓመት አብሬው ኖሬ አልመጣልኝም።

እናቴ ባዶ እጄን አየች።

«ቅዳሜ አብረን እንሄዳለን» አልኳት።

«ደብተሩን ልናመጣ?»

«አይደለም። የምትሰሚው አለ።»