ከካድር ኋላ የበራው መብራት

የጥቅምት መጀመሪያ ነበር። ከበቆጂ በላይ ገብሱ ሊታጨድ የደረሰበት፣ ጠዋት ጠዋት ጉሙ እስከ ማሳው ድረስ የሚወርድበት ጊዜ። ሦስት ነበርን። አንዱ ካድር ነው፤ ማሳው የእሱ ነው፣ በዚያ ደጋ እንደ እሱ ዱካ የሚያነብ ሰው አላጋጠመኝም። ሁለተኛው ደሳለኝ፣ አሰላ ላይ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥ፣ አደን የሚወድ፣ ከአደኑ ይልቅ ግን የአደን ዕቃ የሚወድ ሰው። ሦስተኛው እኔ ነኝ፤ ያኔም እንደዛሬው ነጭናጫ።

እናንተም ዛሬ የመጣችሁት ለሽጉጥ የሚገጠም መብራትና ሌዘር ምረጥልን ልትሉኝ ነው። ስልካችሁ ላይ ፎቶውን ደርድራችሁ «ጋሼ፣ አረንጓዴው ነው ቀዩ የሚሻለው?» ትሉኛላችሁ። ደሳለኝም የጠየቀኝ ይህንኑ ነበር። መልሱን ነገርኩት፣ አልሰማኝም። እናንተም እንደማትሰሙኝ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ቁጭ በሉ።

ለደሳለኝ ያልኩት ይህ ነው። መብራቱ ትንሽ፣ ለዘብ ያለ፣ ወደ ቢጫ የሚያደላ ይሁን። ማብሪያው ጣትህን ስታነሳ ወዲያው የሚጠፋ ዓይነት ይሁን። ዒላማው ላይ የብርሃን ነጥብ የሚጥለው ሌዘር የግድ ካስፈለገህ ቀዩን ያዝ፤ አረንጓዴው ብዙውን ጊዜ ብርድ አይችልም። ከሁሉም በፊት በማለዳ ወደ ደጋው ወስደህ ሞክረው። እሱ ግን ሻጩ ሱቅ ውስጥ ነጭ ግድግዳ ላይ አብርቶ ሲያሳየው ልቡ ጠፋ። ግድግዳ ላይ የማያምር መብራት የት አለ? ትልቁን፣ ኃይለኛውን፣ አረንጓዴ ሌዘር ያለበትን ገዝቶ መጣ። መብራቱ ከተገጠመበት በኋላ ሽጉጡ ማህደሩ ውስጥ አልገባ ሲለው እንኳ አልነቃም፤ ጃኬት ኪሱ ውስጥ ወሽቆት ተነሳ። እንዲህ ያለ ነገር ያናድደኛል።

የወጣነው ለዱር አሳማ ነው። እኛ ዘንድ ማንም አይበላውም፣ እስላሙም ክርስቲያኑም። ግን የካድርን ገብስ እየገለበጠ፣ ድንቹን እየነቀለ አስቸግሮ ስለነበር እንድንከላከል ተፈቅዶልናል። በመጀመሪያው ቀን ሊመሽ ሲል አንድ ትልቅ ወንድ አሳማ ከማሳው ጫፍ ብቅ አለ። እኔ ጠመንጃዬን ሳላነሳ ደሳለኝ ሽጉጡን መዘዘ። በድንግዝግዙ አረንጓዴዋ ነጥብ አሳማው ጎን ላይ ቁጭ ብላ ትታያለች። ነጥቡ ያረፈበት ሁሉ ጥይት የሚደርስ መስሎት ከዚያ ርቀት ላይ ተኮሰ። አሳማው ጮኸ፣ እያነከሰ አስታ የሚባለው የደጋ ቁጥቋጦ ውስጥ ገባ።

አሁን ጉዱን ተመልከቱ። በዚያ ቁጥቋጦ ጥግ ወደ ምንጩ የሚወስድ መንገድ ያልፋል። ጠዋት የካድር ባለቤትና የጎረቤት ሴቶች ውሃ ሊቀዱ የሚሄዱት በዚያ ነው። የቆሰለ አሳማ መንገድ ዳር ተኝቶ ማንን እንደሚጠብቅ ታውቃላችሁ። ስለዚህ ሲነጋ፣ ሴቶቹ ከመውጣታቸው በፊት፣ ገብተን መጨረስ ነበረብን።

ሲነጋ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሣሩ ላይ አመዳይ ወድቋል፣ ጉሙ ተጋድሟል። ካድር ጎንበስ ብሎ ዱካውን አሳየኝ፤ ሦስቱ ኮቴ በደንብ ረግጧል፣ አራተኛው አመዳዩን እየፋቀ ሄዷል። አልፎ አልፎ የጠቆረ ደም አለ። ቁጥቋጦው ከመጥበቡ የተነሳ የጠመንጃዬ አፈሙዝ በየቅርንጫፉ ይያዛል። እንዲህ ባለ ቦታ ሽጉጥ ይሻላል፣ መብራቱ ከተፈታለት። ደሳለኝን ፈትተህ ስጠኝ አልኩት።

«ጋሼ፣ ፈቃዱ በእኔ ስም ነው» አለኝ።

እውነቱን ነው። ምን እላለሁ? እንግዲያው ከኋላ ሁን፣ ያንን መብራት እንዳትነካው ብዬ አስጠነቀቅኩት። እሺ አለኝ። ካድር ጦሩን ይዞ ፊት፣ እኔ ከእሱ ትንሽ ወደ ግራ፣ ደሳለኝ ከኋላችን ሆነን ገባን።

ጥቂት እንደሄድን ካድር እጁን አነሳ። የአሳማው ሽታ ለእኔም ደረሰኝ። ከፊታችን ቅርንጫፍ ተሰበረ። ይኼኔ ደሳለኝ መብራቱን አበራው።

ጉም ውስጥ ኃይለኛ መብራት ምን እንደሚያደርግ ያላየ ሰው አይገባውም። አሳማው አልታየም፣ ዛፉ አልታየም። ፊታችን በሙሉ ነጭ ሆነ። በዚያ ነጭ ላይ አንድ ግዙፍ ጥቁር ነገር ቆሞ አየሁ። የካድር የራሱ ጥላ ነበር፤ መብራቱ ከኋላው ስለመጣ ጉሙ ላይ አግዝፎ ጥሎታል። ካድር ግን ጥላ መሆኑን በምን ይወቅ? ባለ በሌለ ኃይሉ ጦሩን ጥላው ላይ ሰነዘረ።

አሳማው የመጣው ከቀኝ፣ ከታች ነው። ጭኑን ቀደደው፣ ገልብጦ ጣለው፣ ላዩ ላይ ወጣ።

ደሳለኝ አይተኩስም። አረንጓዴዋን ነጥብ ይፈልጋል። ብርዱ አጥፍቷታል። «ነጥቡ አይታየኝም፣ ጋሼ፣ ነጥቡ የለም» ይለኛል። እየፈለገ ሽጉጡን ያዞረዋል፤ መብራቱ በሄደበት ሁሉ አፈሙዙ አብሮ ይሄዳል። አንዴ ካድር ደረት ላይ፣ አንዴ እኔ ፊት ላይ። ሽጉጥ ላይ የተገጠመ መብራት እንዲህ ነው፤ የምታየውን ሁሉ እያነጣጠርክበት ነው የምታየው። በዚያች ቅጽበት ከአሳማው ይልቅ የፈራሁት ደሳለኝን ነው።

የእጁን አንጓ መትቼ ወደ መሬት አወረድኩት። መብራቱ ሣሩ ውስጥ ሲቀበር የጠዋቱ ጭላንጭል ተመለሰ፣ አሳማውም ታየኝ። የጠመንጃዬን አፈሙዝ ከጆሮው ሥር አስጠግቼ ተኮስኩ።

የካድርን ጭን በጋቢዬ አስረን፣ በእንጨት ቃሬዛ አውርደን፣ በመኪና አሰላ አደረስነው። አላህ ይመስገን ተረፈ፤ እግሩ ግን እንደ ድሮው አልሆነም። ደሳለኝ ሙዝና ብርቱካን ይዞ ሊጠይቀው መጣ። መልካም። ከዚያ አልጋው አጠገብ ቁጭ ብሎ ምን ቢል ጥሩ ነው? አረንጓዴውን መልሶ በቀይ እንደሚቀይረው ያስረዳን ጀመር። ሰውየው ተሰፍቶ ተኝቷል፣ እሱ የቀለም ነገር ያወራል። እጄን እንዳላነሳበት ክፍሉን ትቼ ወጣሁ።

እናንተም ከዚህ ሁሉ በኋላ «እና የትኛውን እንግዛ?» ልትሉኝ ነው፤ ፊታችሁ ላይ ይነበባል። እሺ። መብራቱን ከሽጉጡ ፈትታችሁ ብቻውን ይዛችሁ በጉም ቀን ወደ ላይ ውጡ። አንዳችሁ ይያዘው፣ ገዢው ግን ከፊት ይቁም። እስካሁን ሁሉም ሰው መብራት የሚመርጠው ከኋላው ቆሞ ነው፤ ከፊቱ የሚቆመውን የሚጠይቀው የለም። ከፊት ቆማችሁ የምታዩትን ከወደዳችሁት ግዙት።

የካድርን ማሳ ዛሬም አሳማዎች ያበላሹበታል፣ ዛሬም አብረን እንወጣለን። ከዳነ በኋላ መጀመሪያ የወጣን ቀን እንደ ልማዳችን ቅደም አልኩት። ቆመ። ሽጉጥም መብራትም ይዤ እንደማላውቅ ያውቃል።

«አንተ ቅደም» አለኝ።

«ዱካው እኮ ለእኔ አይታየኝም።»

«ከኋላህ ሆኜ እነግርሃለሁ። ዋላሂ አንተን ጠርጥሬ አይደለም፤ ከኋላዬ ሰው ሲኖር እግሬ እንቢ ይለኛል።»

ይኸው እስከ ዛሬ እኔ እቀድማለሁ፣ እሱ ከኋላ ሆኖ ግራ ቀኝ ይለኛል። እስኪነግረኝ ድረስ ዱካውን በእግሬ ረግጬ አጠፋዋለሁ።